ሻጩ የሚቆርጠው የብድር ልክ

ነጋዴ ባንክ ገብቶ ብድር ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ የታወቀ ነው። ምን ያስይዛሉ? ቤት ከሆነ ገማች ይላካል፤ ተሽከርካሪ ከሆነ ሊብሬው ይታያል፤ የንግድ ሥራው ሒሳብም ይመረመራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ባንኩ ከግምቱ ዝቅ ያለ ገንዘብ ይፈቅዳል። አበዳሪው ብድሩ ቢበላሽ ምን ሸጬ ገንዘቤን አወጣለሁ ብሎ አስቀድሞ ያሰላል።

በአሜሪካ ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት ትምህርት ከፌዴራል መንግሥት የሚበደር ተማሪ ግን ማስያዣ አይጠየቅም። የወላጆቹ ሀብት አይመረመርም። ዛሬ ደመወዝ ያለው ወይም የሌለው መሆኑም መጠኑን አይለውጠውም። ገንዘቡ የመንግሥት ነው፤ የአመቱን የብድር ልክ አስልቶ የሚያቀርበው ግን ትምህርቱን የሚሸጠው ዩኒቨርሲቲ ራሱ ነው። በሌላ አነጋገር ሻጩ ለዕቃው ዋጋ ያወጣል፤ ያንኑ ዋጋ መሠረት አድርጎም ገዢው ምን ያህል መበደር እንደሚችል ለአበዳሪው ያስታውቃል።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ገበያ ሩቅ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በአትላንታ፣ በዳላስና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን ለራሳቸውም ለልጆቻቸውም በዚህ ብድር ሲማሩ ቆይተዋል። ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ የሚወጣው የብድሩ ወርሃዊ ክፍያ ከሚወጣበት ከዚያው ደመወዝ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው የአሜሪካ ሕግ የብድሩን ጣሪያ ዝቅ ስላደረገው፣ ጎዶሎውን ለመሙላት ዋስ ሆኖ እንዲፈርም የሚጠየቀው ዘመድ ቁጥር መጨመሩ አይቀርም። ዋስ ከመሆኑ በፊት አሠራሩን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሒሳቡ ቀመር

ቀመሩ አጭር ነው። ዩኒቨርሲቲው ለአንድ የትምህርት ዘመን የሚያስፈልገውን ጠቅላላ ወጪ ይተምናል። ከዚህ ላይ ተማሪው ከሌላ ወገን ያገኘውን ድጋፍ ይቀንሳል። የቀረው ተማሪው ሊበደር የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው፤ ይህም በሕግ ከተቀመጠው ጣሪያ ማለፍ አይችልም።

እንግዲህ ሦስት ቁጥሮች አሉ ማለት ነው። የመጀመሪያውን የሚያወጣው ዩኒቨርሲቲው ነው። ሁለተኛው በተማሪው ዕድልና ጥረት ይወሰናል። ሦስተኛውን የሚያስቀምጠው የአሜሪካ ምክር ቤት ነው። ሦስቱም ሳይታወቁ ብድሩ ስንት እንደሆነ መናገር አይቻልም።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ብዙ ቤተሰብ ፋፍሳ ተብሎ የሚጠራው የፌዴራል የድጋፍ ማመልከቻ ላይ የሚሞላው የገቢ መረጃ የብድሩን መጠን የሚወስን ይመስለዋል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የቤተሰብ ገቢ ብዙ ነገር ይወስናል። የድህረ ምረቃ ተማሪ ግን በሕጉ ከወላጅ ጥገኝነት የወጣ ራሱን የቻለ ሰው ተብሎ ስለሚቆጠር የወላጅ ገቢ በፌዴራል ማመልከቻው ላይ አይጠየቅበትም። የራሱ ገቢም ቢሆን ዋናውን የፌዴራል ብድር አይቀንስበትም፤ ብድሩ በችግረኛነት የሚሰጥ አይደለምና። ይህ ማለት ግን ማመልከቻው ይቀራል ማለት አይደለም። ፋፍሳ ካልተሞላ ዩኒቨርሲቲው ሒሳቡን አይጀምርም።

ወጪው እንዴት ይተመናል?

ዩኒቨርሲቲዎች የሚያወጡት ቁጥር የትምህርት ክፍያ ብቻ አይደለም። ሕጉ የሚፈቅዳቸው ዋና ዋና ክፍሎች የትምህርትና የአገልግሎት ክፍያ፣ የመጻሕፍትና የመሣሪያ ወጪ (ኮምፒዩተርን ይጨምራል)፣ የቤት ኪራይና የምግብ፣ የትራንስፖርት፣ የግል ወጪ፣ ልጅ ላለው ተማሪ የሕፃናት መዋያ፣ የሙያ ፈቃድ ለሚጠይቁ ትምህርቶች የፈተናና የፈቃድ ወጪ፣ እንዲሁም ብድሩ ራሱ የሚያስከፍለው የአገልግሎት ክፍያ ናቸው።

የትምህርት ክፍያው የታወቀ ዋጋ ስለሆነ አያከራክርም። ግምት የሚገባው በቀሩት ላይ ነው። የኪራይ ዋጋ በዋሽንግተንና በአንድ የገጠር ከተማ አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው የአካባቢውን ዋጋ አጥንቶ አማካይ ያወጣል። ለምግብ የሚያዘው ገንዘብ በቀን ሦስት ጊዜ ለመመገብ የሚበቃ መሆን እንዳለበት ሕጉ ይናገራል። ከዚህ አልፎ ግን የትምህርት ሚኒስቴሩ ለኪራይ ይህን ያህል ያዙ ብሎ ቁጥር አያወርድም። ውሳኔው የተቋሙ ነው።

በአንድ ፕሮግራም ውስጥ የሚማሩ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር አይደርሳቸውም። በግቢ የሚኖር፣ ውጭ ተከራይቶ የሚኖርና ከወላጅ ጋር የሚኖር ተማሪ የተለያየ በጀት ይያዝላቸዋል። ሙሉ ጊዜ የሚማርና ግማሽ ጊዜ የሚማር እንዲሁ ይለያያሉ። ከግማሽ በታች ለሚማር ሰው ደግሞ የፌዴራል ብድር ጨርሶ አይፈቀድም።

ወገኖቻችንን ብዙ ጊዜ የሚያደናግሩ ሁለት ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ በጀቱ የሚሠራው ለተማሪው ብቻ ነው። ባለትዳር ቢሆን የሚስቱ ወይም የባሏ ቀለብ፣ ወደ አገር ቤት ለእናት የሚላክ ገንዘብ፣ ቀደም ብሎ የተገዛ መኪና ክፍያ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ሁለተኛ፣ በጀቱ የሚሸፍነው ተማሪው የሚማርበትን ጊዜ ነው። ትምህርቱ ዘጠኝ ወር ከሆነ የዘጠኝ ወር ኪራይ ይያዛል፤ የቤት አከራዩ ግን የሚጠይቀው የአሥራ ሁለት ወር ነው። የክረምቱን ሦስት ወር ተማሪው ሠርቶ ካልሸፈነው ብድሩ አይሸፍንለትም።

ቁጥሩ ከተማሪው እውነተኛ ኑሮ ጋር ካልተጣጣመ የሚከፈት በር አለ። በየዩኒቨርሲቲው ያለው የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ኃላፊ የአንድን ተማሪ ጉዳይ ለብቻው አይቶ በጀቱን እንዲያስተካክል ሕጉ ሥልጣን ይሰጠዋል። የሕክምና ወጪ የገጠመው፣ ልጁን ለመዋያ የሚከፍል፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ተጨማሪ ወጪ ያለበት ሰው ደረሰኝ ይዞ ማመልከት ይችላል። ኃላፊው የሚወስነው በማስረጃ ነው፤ ውሳኔውም በፋይል ይቀመጣል። ብዙ ሰው ይህ በር መኖሩን ሳያውቅ ውድ ወለድ ወደሚጠይቅ የግል አበዳሪ ይሄዳል።

ከወጪው ላይ የሚቀነሰው

ጠቅላላ ወጪው ከታወቀ በኋላ ድጋፉ ይቀነሳል። ስኮላርሺፕ፣ የትምህርት ክፍያ ምሕረት፣ አሠሪ ለሠራተኛው የሚከፍለው የትምህርት ድጋፍ፣ ከግል አበዳሪ የተገኘ የትምህርት ብድር ሁሉ ይቆጠራሉ። ተማሪው ከትምህርቱ ውጭ በራሱ ተቀጥሮ የሚያገኘው መደበኛ ደመወዝ ግን ተቀናሽ አይሆንም።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ነጋዴ ቶሎ ይረዳዋል። ጠቅላላው ድጋፍና ብድር ተደምሮ ከወጪው ግምት ማለፍ ስለማይችል፣ ብድሩን እስከ ወጪው ግምት ሞልቶ የተበደረ ተማሪ በዓመቱ አጋማሽ 5,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ቢያገኝ ቢሮው ብድሩን በዚያው ልክ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ተማሪው ተጨማሪ ገንዘብ እጄ ይገባል ብሎ ሲጠብቅ ያገኘው የዕዳ ቅነሳ ይሆናል። ለጊዜው ያስከፋል፤ በመጨረሻ ሲታሰብ ግን ትርፉ የተማሪው ነው።

በቁጥር ሲታይ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ አሠራሩን ለማሳየት እኛ የወሰድናቸው እንጂ የአንድ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ አይደሉም።

የትምህርት ክፍያ 30,000 ዶላር፣ ሌሎች የአገልግሎት ክፍያዎች 1,800፣ ቤትና ምግብ 18,000፣ መጻሕፍትና መሣሪያ 1,200፣ ትራንስፖርት 2,200፣ የግል ወጪ 3,400፣ የብድር አገልግሎት ክፍያ 1,400 ዶላር ቢሆን ጠቅላላ የዓመቱ ወጪ 58,000 ዶላር ይመጣል። ተማሪዋ 8,000 ዶላር ስኮላርሺፕ አላት እንበል። የሚቀረው 50,000 ዶላር ነው።

በቀድሞው አሠራር ይህ 50,000 ዶላር ሙሉ በሙሉ በፌዴራል ብድር ይሸፈን ነበር። መጀመሪያ ቀጥተኛ የሚባለው ብድር ይመጣል፤ ለድህረ ምረቃ ተማሪ የዓመት ጣሪያው 20,500 ዶላር ነው። የቀረው 29,500 ዶላር ግራድ ፕላስ በሚባለው ሁለተኛ ብድር ይሞላል። ግራድ ፕላስ የራሱ የተቆረጠ የዓመት ጣሪያ አልነበረውም። ጣሪያው ዩኒቨርሲቲው ያወጣው የወጪ ግምት ራሱ ነበር።

የተፈቀደው ገንዘብ ሁሉ እጅ አይገባም። በኦክቶበር 1 ቀን 2020 እና ከዚያ ወዲህ፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 በፊት መለቀቅ በሚጀምር ብድር ላይ መንግሥት ከቀጥተኛው ብድር 1.057 በመቶ፣ ከግራድ ፕላስ 4.228 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ከላይ ይቆርጣል። በምሳሌያችን ከ20,500 ዶላር ላይ 217 ዶላር ያህል፣ ከ29,500 ዶላር ላይ ደግሞ 1,247 ዶላር ያህል ይቀነሳል። ተማሪዋ የምትከፍለው ዕዳ ግን 50,000 ዶላር ነው፤ ወለዱም በሙሉው ላይ ይታሰባል።

ወለዱ የሚቆረጠው በየዓመቱ በሜይ ወር የአሜሪካ ግምጃ ቤት የአሥር ዓመት ሰነዱን በጨረታ በሚሸጥበት ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ነው። በዚያ ላይ ለቀጥተኛው የድህረ ምረቃ ብድር 3.6 በመቶ፣ ለፕላስ ብድር 4.6 በመቶ ይጨመራል። አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ለዚያ ዓመት ብድር እስከ መጨረሻው አይለወጥም። ከጁላይ 2025 እስከ ጁን 2026 መጨረሻ ለተለቀቁ ብድሮች 7.94 በመቶ እና 8.94 በመቶ ነበር። በዚህ ሒሳብ የተማሪዋ የአንድ ዓመት ብድር በአንድ ሙሉ ዓመት 4,265 ዶላር ያህል ወለድ ይወልዳል። በትምህርት ላይ እያለች ወለዱን መንግሥት አይከፍልላትም። ቀድሞ መንግሥት ወለዱን የሚሸፍንለት የድህረ ምረቃ ብድር ነበረ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ግን ቀርቷል። ወለዱ መቁጠር የሚጀምረው ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ነው።

ገንዘቡ እጅ እስኪገባ

አሠራሩ በደረጃ ይሄዳል። ፋፍሳው ከተሞላ በኋላ መረጃው ለዩኒቨርሲቲው ይደርሳል። ቢሮው በጀቱን ሠርቶ የድጋፍ ደብዳቤ ያወጣል። በደብዳቤው ላይ የሚታየው ከፍተኛው መጠን ነው፤ ተማሪው ሙሉውን የመውሰድ ግዴታ የለበትም። ከሚያስፈልገው በላይ ከሆነ ዝቅ ያለ መጠን ጽፎ መመለስ ይችላል። ብዙ ተማሪ ግን ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ዩኒቨርሲቲው የሚመክረው መጠን አድርጎ ስለሚወስደው እንዳለ ይቀበላል።

ከዚያ የብድር ውል ይፈረማል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበደርም ስለ ዕዳው የሚያስረዳ አጭር ትምህርት ይወስዳል። ቀጥተኛው ብድር ዋስም የብድር ታሪክ ምርመራም አይጠይቅም። ግራድ ፕላስ ግን የብድር ታሪክ ያያል። በድምሩ ከ2,085 ዶላር በላይ የሆነ፣ 90 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የዘገየ ዕዳ ያለበት ሰው ሌላ ፈራሚ እንዲያመጣ ሊጠየቅ ይችላል።

ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ በሁለት ጊዜ፣ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ይለቀቃል። መጀመሪያ የሚገባው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ነው። ክፍያው ተቀንሶ የተረፈው በ14 ቀን ውስጥ ለተማሪው መሰጠት አለበት። ኪራይና ምግብ የሚከፈለው ከዚህ ተራፊ ነው። አላስፈለገኝም ያለ ተማሪ ብድሩ ከተለቀቀ በ120 ቀን ውስጥ የፈለገውን ያህል ቢመልስ በመለሰው ገንዘብ ላይ ወለድም የአገልግሎት ክፍያም አይታሰብበትም። ይህን የሚያህል ጥሩ የመመለሻ ውል የሚሰጥ የንግድ ባንክ ብዙ አይገኝም።

ከ2006 እስከ 2026

የዛሬው የተማሪ ብድር ሥርዓት መሠረት የተጣለው በ1965 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ዘመን በወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ነው። ለድህረ ምረቃ ተማሪዎች እስከ ሙሉ ወጪ የመበደር በር የተከፈተው ግን በጁላይ 2006 ግራድ ፕላስ ሲጀመር ነው። ዓላማው መልካም ነበር፤ የብድር ጣሪያ ያነሰው ተማሪ ወለዱ ወደማይገታ የግል አበዳሪ እንዳይሄድ ማድረግ።

ተቺዎቹ ግን ማንኛውም ነጋዴ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቁ። ገዢው እስከ ዋጋው ድረስ መበደር ከቻለ ሻጩ ዋጋ ላለመጨመር ምን ምክንያት አለው? ይህን ክርክር በ1987 የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ዊሊያም ቤኔት ስለ ፌዴራል የተማሪ ድጋፍ በጥቅሉ አንስተውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በኢኮኖሚስቶች ዘንድ በስማቸው ይጠራል። የብድር መኖር ዋጋን ምን ያህል እንዳናረ ዛሬም ይከራከሩበታል። የፌዴራሉ የተማሪ ዕዳ ግን ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል።

የ2025ቱ ሕግ የቆረጠው ይህንን በር ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ ለአዲስ ተበዳሪ ይዘጋል። የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪ በዓመት 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው የድህረ ምረቃ ትምህርቱ 100,000 ዶላር ብቻ ይበደራል። የሙያ ትምህርት ተብለው ለተለዩት፣ ሕክምናና ሕግን ለመሳሰሉት፣ ጣሪያው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ነው። አንድ ሰው ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምሮ በዕድሜው ሁሉ ለራሱ ትምህርት የሚበደረው ከ257,500 ዶላር እንዳያልፍም ተወስኗል። ሙሉ ጊዜ የማይማር ተማሪ የዓመት ጣሪያው በሚማረው መጠን ይቀነስበታል። ዩኒቨርሲቲዎችም ለአንድ ፕሮግራም ከሕጉ ጣሪያ ዝቅ ያለ የብድር ልክ እንዲወስኑ ተፈቅዶላቸዋል፤ በፕሮግራሙ ላሉት ሁሉ እኩል እስከሠሩበት ድረስ።

ከጁላይ 1 ቀን 2026 በፊት በፕሮግራሙ ተመዝግበው ለዚያው ትምህርት ብድር የወሰዱ ተማሪዎች በአሮጌው ጣሪያ ይቀጥላሉ። ይህ መብታቸው የሚቆየው ለሦስት የትምህርት ዘመን ወይም ትምህርቱን ለመጨረስ ለቀራቸው ጊዜ ነው፤ ከሁለቱ የሚያጥረው ይወሰዳል።

የትኛው ትምህርት በሙያ መደብ ይገባል የሚለው ጥያቄ ወገኖቻችንን በቀጥታ ይነካል። በኖቬምበር 2025 የትምህርት ሚኒስቴሩ የሰበሰበው የደንብ ድርድር ኮሚቴ የተስማማበት ዝርዝር ሕክምናን፣ ጥርስ ሕክምናን፣ ፋርማሲን፣ ሕግን፣ ቲኦሎጂን ጭምር ሲይዝ ነርሲንግን ግን አላካተተም። በነርስነት እየሠሩ ለከፍተኛ ዲግሪ የሚዘጋጁ ኢትዮጵያውያን በየከተማው አሉ። በ50,000 እና በ20,500 ዶላር መካከል ያለው ልዩነት ለእነሱ የትምህርት ምርጫቸውን ሊለውጥ የሚችል ነው።

ጎዶሎውን ማን ይሞላል?

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የተማሪዋ ፍላጎት 50,000 ዶላር ነው፤ በአዲሱ ጣሪያ የምታገኘው 20,500 ነው። በዓመት 29,500 ዶላር ይጎድላል። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ከሆነ ጎዶሎው 59,000 ዶላር ይሆናል።

ዩኒቨርሲቲው ዋጋ ይቀንስላት ይሆናል፤ የሕጉ ደጋፊዎች የሚጠብቁት ይህንን ነው። ሌላው አማራጭ አሠሪ ነው። ሦስተኛው ከሌሎቹ ይልቅ በቶሎ የሚገኘው የግል ባንክ ነው። የግል ባንኮችም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን የሚለቁት ዩኒቨርሲቲው የወጪውን ግምትና የተቀነሰውን ድጋፍ ካረጋገጠ በኋላ ነው። ስለዚህ መንግሥት ከመድረኩ ቢወጣም የሻጩ ግምት ከነቦታው ይቆያል።

የሚለወጠው አበዳሪው የሚጠይቀው ነው። የግል ባንክ የብድር ታሪክ ይመረምራል፤ ታሪኩ አጭር ለሆነ ሰው ደግሞ ዋስ ይጠይቃል። በቅርብ ዓመታት በዲቪ ወይም በቤተሰብ የሄደ ሰው የብድር ታሪኩ አጭር መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወደ አጎት፣ ወደ አክስት፣ ቀድሞ ሄዶ ቤት ወደገዛው ወንድም ይመጣል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የግል የትምህርት ብድር ላይ ዋስ ሆኖ መፈረም ተማሪው እምቢ ሲል የሚመጣ ኃላፊነት ብቻ አይደለም። ዕዳው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዋሱ የብድር መዝገብ ላይም ይታያል። ተማሪው አንድ ወር ቢያዘገይ የዋሱ ስም ይጎድፋል፤ ዋሱ ራሱ ቤት ወይም ለንግዱ መኪና ሊገዛ ሲሄድ ያ ዕዳ እንደ ራሱ ዕዳ ተቆጥሮ የሚፈቀድለትን ይቀንስበታል። የፌዴራሉ ብድር ገቢ ሲቀንስ ክፍያውን ዝቅ የሚያደርግ ሥርዓት አለው፤ ተበዳሪው ቢሞትም ዕዳው ይሰረዛል። በግል ብድር ላይ ግን የሚሠራው ውሉ ላይ የተጻፈው ነው።

የፌዴራሉ ክፍያ ራሱ ቀላል አይደለም። ሁለት ዓመት 20,500 ዶላር የተበደረ ሰው ዋናው ዕዳው 41,000 ዶላር ነው። በአዲሱ ሕግ የመደበኛ አከፋፈል መሠረት ከ25,000 እስከ 50,000 ዶላር ለሚደርስ ዕዳ የመክፈያ ጊዜው 15 ዓመት ነው። በ7.94 በመቶ ወለድ ሲሰላ በወር 390 ዶላር ያህል ይመጣል። በ15 ዓመት የሚከፈለው ድምር ወደ 70,000 ዶላር ይጠጋል፤ በትምህርት ጊዜ የተጠራቀመው ወለድ ሳይቆጠር ማለት ነው። በዚህ ላይ የግል ብድር ሲጨመር ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ከምን ላይ እንደሚቀነስ መገመት አያስቸግርም።

ከአዲስ አበባ ለሚሄደው

እስካሁን የተናገርነው ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ስላላቸው ሰዎች ነው። ከአዲስ አበባ በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ የሚሄድ ሰው የፌዴራል ብድር አያገኝም። ሆኖም የዩኒቨርሲቲው የወጪ ግምት እሱንም ይይዘዋል። ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ሰነድ ከማውጣቱ በፊት ተማሪው ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለው ማስረጃ ይጠይቃል። የሚጠየቀው ቁጥር የሚሠራው በዚያው በተመሳሳይ ስሌት ነው፤ የጤና መድንም ይታከልበታል። ሚስት ወይም ልጅ አብረው የሚሄዱ ከሆነ የእነሱም ወጪ ይጨመራል።

ይህን ቁጥር በብር ለሚያስብ ወላጅ ነገሩ ተለውጧል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ አለፈ። የ50,000 ዶላር ጎዶሎ በቀድሞው ተመን 2.85 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር፤ በ100 ብር ተመን ብቻ ሲሰላ 5 ሚሊዮን ብር ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው አንድ ዶላር ሳይጨምር ለአዲስ አበባው ወላጅ ዋጋው በእጥፍ ሊጠጋ ደርሷል ማለት ነው።

በአገራችንም ተማሪ የትምህርቱን ወጪ በኋላ የሚከፍልበት ሥርዓት አለ። በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ውል ይፈርምና ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። ልዩነቱ ሰፊ ነው። በእኛ አገር ተማሪው የሚጋራውን ወጪ የሚተምነው መንግሥት ነው።

ከመፈረም በፊት

የብድር ደብዳቤ የደረሰው ተማሪም ሆነ ዋስ ሁን የተባለ ዘመድ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የወጪው ግምት ውስጥ የትምህርት ክፍያው ስንት ነው፣ ለኑሮ የተያዘውስ ስንት? ለኑሮ የተያዘው ላይ መቆጠብ ይቻላል፤ ከዘመድ ጋር መኖር፣ ቤት ተጋርቶ መከራየት ብድሩን በሺህ የሚቆጠር ዶላር ሊቀንሰው ይችላል። የትምህርት ክፍያው ላይ ግን መቆጠብ የሚቻለው ዩኒቨርሲቲ በመምረጥ ብቻ ነው። በመኖሪያ ግዛት የሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለነዋሪ የሚያስከፍለውና ለሌላው የሚያስከፍለው ብዙ ጊዜ ይለያያል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያው ዓመት ሳይሆን የጠቅላላው ትምህርት ወጪ ነው። ስኮላርሺፑ ለሁለተኛው ዓመት ይቀጥላል ወይ? ጣሪያው ከመድረሱ በፊት ትምህርቱ ያልቃል ወይ? በመካከል የተቋረጠ ትምህርት ዕዳውን ያስቀራል እንጂ ዲግሪ አያስገኝም።

ሦስተኛው ከዲግሪው በኋላ የሚጠበቀው ደመወዝ ነው። ዩኒቨርሲቲው የብድሩን ልክ ሲያሰላ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ ቀመሩ ውስጥ የለምና። የማስተርስ ዲግሪው በዓመት የሚጨምረው ደመወዝ ከታክስ በኋላ ስንት እንደሆነ፣ ከወርሃዊው ክፍያ ጎን ተቀምጦ መታየት ያለበት ፊርማው ሳይደርቅ ሳይሆን ፊርማው ሳይፈረም ነው። ይህን ስሌት ተማሪው ካልሠራው ዋሱ ይሥራው፤ በውሉ ላይ የሁለቱም ስም ይሰፍራልና።